ምዕራፍ ሰባት፦ መራመድ የማይችሉ ነፍስ አድኖች

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1963 ምሽት፣ በያኔዋ ምዕራብ ጀርመን፣ ሌንጌደ በምትባል ስፍራ 129 ሰዎች ማቲልደ በተሰኘው የብረት ማዕድን ማውጫ ውስጥ ከመሬት በታች ነበሩ። ከበላያቸው ማዕድኑ የታጠበበት ጭቃማ ውሃ የሚጠራቀምበት ሰፊ ኩሬ ነበር። የኩሬው ወለል ተደረመሰና ግማሽ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃና ጭቃ ወደ ዋሻዎቹ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት 79 ሰዎች ሕይወታቸውን አትርፈው አመለጡ። በማግስቱ ሰባት ተገኙ። ኖቬምበር 1 ቀን ሦስት ወጡ። ከዚያ በኋላ ተስፋው ተሟጠጠ፤ ለሟቾቹ የመታሰቢያ ጸሎት የሚደረግበት ቀን ተወሰነ፤ ጋዜጠኞችም ዕቃቸውን መሸከፍ ጀመሩ።

አንዳንድ የማዕድን ሠራተኞች ግን አሻፈረን አሉ። ውሃው ሲመጣ ልምድ ያለው ሰው ወዴት እንደሚሸሽ ያውቁታልና፣ ከረጅም ጊዜ በፊት ወደተተወ የቆየ ዋሻ አቅጣጫ አንድ ጉድጓድ እንዲሰረሰር ወተወቱ። ኖቬምበር 3 ቀን መሰርሰሪያው እዚያ ሲደርስ ከታች ብረት ሲንኳኳ ተሰማ። 21 ሰዎች ወደዚያ ሸሽተው ነበር፤ አሥሩን ከጣሪያው የሚወርደው ድንጋይ ገድሏቸዋል፤ 11ዱ በሕይወት አሉ። በቀጭኗ ጉድጓድ ምግብና መብራት ወረደላቸው። ሰው የሚያሳልፍ ሰፊ ጉድጓድ ለመቆፈር ግን ሌላ ከባድ መሣሪያ፣ ሌላ ብዙ ሰዓት ያስፈልጋል። በመጨረሻ ኖቬምበር 7 ቀን፣ አደጋው በደረሰ በ14ኛው ቀን፣ ዳልቡሽ ቦምብ በሚባል ጠባብ የብረት ካፕሱል አንድ በአንድ ወደ ላይ ተሳቡ። ይህ መሣሪያ ቦምብ ይባል እንጂ ሥራው ነፍስ ማዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ጌልዘንኪርኸን በሚገኘው የዳልቡሽ ማዕድን ማውጫ የታፈኑ ሦስት ሰዎችን ለማውጣት የተሠራ፣ 38.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው፣ ሰው እጁን አጣብቆ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቱቦ ነው። ሌንጌደ ላይ በጠቅላላው 29 ሰዎች ሞቱ፤ 100 ዳኑ።

ይህን ዜና እንግሊዝ አገር ሆኖ በሬዲዮ ሲከታተል የነበረ አንድ የአሻንጉሊት ፊልም ሠሪ ነበር፤ ጌሪ አንደርሰን ይባላል። እሱ ራሱ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ልቡን ሰቅዞ የያዘው የማሽኑ ርቀት ነው። ከባዱ መሰርሰሪያ ከብሬመን ድረስ ተጭኖ መምጣት ነበረበት፤ መሬት ውስጥ ላሉት ሰዎች እያንዳንዱ ሰዓት ሞት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እርዳታ ብዙውን ጊዜ የሚሰናዳው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። አንደርሰን ራሱን ጠየቀ፤ በዓለም ላይ ላለ ለማንኛውም አደጋ የሚሆን መሣሪያ አስቀድሞ ተሠርቶ፣ ነዳጁ ተሞልቶ፣ ሾፌሩ ተዘጋጅቶ በአንድ ቦታ ቢጠብቅስ? ተንደርበርድስ የተባለው ተከታታይ ፊልም ከዚህ ጥያቄ ተወለደ። እኔ ፊልሙን ከዚህ ጥያቄ ነጥሎ ማየት አይቻልም ባይ ነኝ።

አንደርሰን አሻንጉሊት ወዶ የገባበት ሥራ አልነበረም። ምኞቱ በእውነተኛ ተዋንያን ትልልቅ ፊልም መሥራት ነበር፤ ኤፒ ፊልምስ የተባለው ትንሽ ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ያገኘው ሥራ የልጆች የአሻንጉሊት ፊልም ነው፤ ትዊዝል ይባላል። እንጀራ ነውና ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ አሻንጉሊቱን ወደ ሰው፣ የልጆቹን ፊልም ወደ ትልልቆቹ ሲኒማ የማስጠጋት ትግል ነበር። ሱፐርካር፣ ፋየርቦል ኤክስኤል5፣ ስቲንግሬይ እያለ በየፊልሙ አንድ እርምጃ ተራመደ። ባለቤቱ ሲልቪያ አንደርሰን ከጎኑ ሆና ገጸ ባሕርያቱን ትቀርጻለች፣ አልባሳቱን ትመራለች፣ ድምፅ ትሰጣለች። ስቱዲዮአቸው ከለንደን በስተምዕራብ ስላው ከተማ፣ በፋብሪካ መጋዘኖች መካከል ነበር።

ታሪኩ ከተሠራበት ዘመን አንድ መቶ ዓመት ወደፊት፣ በ2060ዎቹ ይካሄዳል። ጄፍ ትሬሲ የተባለ ባለጸጋ የቀድሞ ጠፈርተኛ በደቡብ ፓስፊክ በምትገኝ ደሴቱ ላይ ከአምስት ወንዶች ልጆቹ ጋር ሆኖ ዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ድርጅት በምስጢር ያቋቁማል። ልጆቹ ስኮት፣ ቨርጂል፣ አለን፣ ጎርደንና ጆን ይባላሉ፤ ስሞቹ በሜርኩሪ ፕሮግራም ወደ ጠፈር ከበረሩት የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ከካርፐንተር፣ ከግሪሰም፣ ከሼፐርድ፣ ከኩፐርና ከግሌን የተወሰዱ ናቸው። የፊልሙ ስም ደግሞ ከአንደርሰን ቤት የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞተው ታላቅ ወንድሙ ሊዮኔል የእንግሊዝ አየር ኃይል በራሪ ነበር፤ ሥልጠና ላይ ሳለ ከአሪዞና በላከው ደብዳቤ ላይ ተንደርበርድ ፊልድ ስለሚባለው የአየር ሜዳ ጽፎ ነበር።

ማሽኖቹ አምስት ናቸው። አንደኛው በሰዓት 24,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር ሮኬት አውሮፕላን ነው፤ ስኮት በእሱ ቀድሞ ይደርስና ሁኔታውን ያጠናል፣ ትእዛዝ ይሰጣል። ሁለተኛው ሆዱ ውስጥ ተነቃይ መጋዘን የሚሸከም ወፍራም አረንጓዴ ጭነት አውሮፕላን ነው፤ ቨርጂል እንደ አደጋው ዓይነት የሚስማማውን መጋዘን መርጦ ይከተላል። ሦስተኛው የጠፈር መንኮራኩር፣ አራተኛው ትንሽ ቢጫ ሰርጓጅ ጀልባ፣ አምስተኛው ምድርን እየዞረ የጭንቅ ጥሪ የሚያዳምጥ የጠፈር ጣቢያ ነው። ቀድሞ የሚደርስ አጥኚ፣ ተከትሎ የሚመጣ ከባድ መሣሪያ፣ ሁሌም ጆሮውን የጣለ የሬዲዮ ሠራተኛ፦ ይህ አደረጃጀት በልጆች ፊልም ውስጥ መገኘቱ ይገርመኛል። በመጋዘኑ ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ ሞል የተባለው፣ ሰው ይዞ መሬት እየሰረሰረ የሚገባ ማሽን ነው። ሌንጌደን ያስታወሰ ሰው ይህ ማሽን ከየት እንደመጣ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

አሁን ወደ አሻንጉሊቶቹ እንሂድ፤ ጥበቡ እዚያ ነው።

ቁመታቸው ከ56 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። እያንዳንዳቸው በጣም ቀጫጭን በሆኑ የብረት ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል፤ አንቀሳቃሾቹ ከመድረኩ በላይ በተሠራ መወጣጫ ላይ ቆመው ከታች ያለውን በቴሌቪዥን መስኮት እያዩ ይጎትቷቸዋል። ከንፈር ማንቀሳቀስ የቆየ ችግር ነበር፤ በእጅ ሲሠራ ቃሉና አፉ አይገጥምም። የአንደርሰን ቡድን መላ ቀላልና ብልህ ነው። ንግግሩ አስቀድሞ በተዋንያን ተነቦ በቴፕ ይቀረጻል። ቴፑ ሲጫወት የድምፁ ምልክት ወደ ኤሌክትሪክ ምት ይለወጥና ያው አሻንጉሊቱን በያዘው ሽቦ ወርዶ ጭንቅላቱ ውስጥ ወዳለ ሶሌኖይድ ይደርሳል። ሶሌኖይድ ማለት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ ብረት የሚስብ የሽቦ ጥቅልል ነው። በእያንዳንዱ ምት የታችኛውን ከንፈር ይስባል፤ አሻንጉሊቱ ይናገራል። ሽቦው እንግዲህ ሁለት ሥራ አለው፤ ሰውነትን ይሸከማል፣ ድምፅንም ያደርሳል። ይህን አሠራር ሱፐርማሪዮኔሽን ብለው ሰየሙት።

ጥቅልሉ ግን ቦታ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ከዚያ በላይ ሊያሳንሱት ስላልቻሉ ጭንቅላቱን ከሰውነቱ አንጻር ማተለቅ ግድ ሆነ። የተንደርበርድስ ሰዎች ትልቅ ራስና ቀጭን ትከሻ ያላቸው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው ካፕቴን ስካርሌት ላይ ጥቅልሉን ወደ ደረት አወረዱትና ራሳቸውና አካላቸው እንደ ሰው የተመጣጠነ አሻንጉሊቶች ሠሩ። ውጤቱ ለእኔ አያስደስትም። መጠናቸው ተስተካከለ፣ ፊታቸው ግን ቀዘቀዘ፤ በትልልቆቹ ራሶች ላይ የነበረው ገጽታ ጠፋ።

ከሁሉ የከፋው ችግር እግር ነው። ሰው ሲራመድ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያሸጋግራል፤ ተረከዙ መሬትን ይጫናል። በሽቦ የተንጠለጠለ አካል መሬትን የሚጫን ክብደት የለውም። ስለዚህ ሲራመድ እግሩ ይንሳፈፋል፣ ጉልበቱ ያለ ምክንያት ይታጠፋል፣ ተመልካቹም ከታሪኩ ወጥቶ ሽቦ መፈለግ ይጀምራል። የአንደርሰን ሰዎች ይህን ማሸነፍ እንደማይችሉ አወቁ፤ ስለዚህ ፊልሙን ሁሉ በዚያ ዙሪያ ገነቡት። ገጸ ባሕርያቱ ከወገብ በላይ ይታያሉ። ቁልፍ የሚጫን እጅ በቅርብ ሲታይ የእውነተኛ ሰው እጅ ነው። ከቦታ ቦታ መሄድ ሲኖርባቸው ደግሞ አንድ ነገር ይወስዳቸዋል።

የፊልሙ እጅግ የተወደደ ክፍል የተወለደው ከዚህ ነው። ጥሪ ሲመጣ ስኮት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሁለት መብራቶች ይይዛል፤ ግድግዳው ዞሮ ወደ ማሽኑ ያሳልፈዋል። ቨርጂል የሮኬት ሥዕል የተሰቀለበት ሰሌዳ ላይ ጀርባውን ሲያስደግፍ ሰሌዳው ይገለበጥና በጭንቅላቱ ቁልቁል በተንሸራታች መንገድ ወርዶ የአውሮፕላኑ ወንበር ላይ ያርፋል። አለን የተቀመጠበት ሶፋ እንዳለ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። የመዋኛ ገንዳው ወደ ጎን ተንሸራትቶ ሮኬቱ ይወጣል፤ የዘንባባ ዛፎቹ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ይዘማሉ፤ አረንጓዴው አውሮፕላን ከገደሉ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከበስተጀርባ የባሪ ግሬይ ሙዚቃ፣ መለከቱና ከበሮው፣ ልብ ያንቀጠቅጣል። አንድም ሰው አንድ እርምጃ አልተራመደም።

ብዙ ጊዜ ይህ ትዕይንት ለአሻንጉሊት ችግር የተገኘ ብልሃት ተብሎ ብቻ ይወሳል። እኔ ከዚያ በላይ አየዋለሁ። ሌንጌደ ላይ የታፈኑትን ሰዎች ያስጨነቃቸው ነገር በመጠበቅ ያለፈ ጊዜ ነው፤ መሣሪያ ተፈልጎ፣ ተጭኖ፣ በመንገድ ተጉዞ፣ ተተክሎ እስኪጀምር ያለው ጊዜ። እነዚህ የመነሻ ትዕይንቶች የዚያ ተቃራኒ ናቸው። ሶፋው ሳይቀር ለጥሪው ተዘጋጅቷል። ቤቱ ራሱ የነፍስ አድን መሣሪያ ነው። እግር ቢኖራቸው ኖሮ በሩጫ ይወጡ ነበር፤ ሩጫ ደግሞ ድፍረትን ያሳያል እንጂ ዝግጅትን አያሳይም። በየሳምንቱ ያንኑ አነሳስ ማየት ልጆችን ያላሰለቸው፣ ዝግጁ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ማየት ራሱ ደስታ ስለሆነ ይመስለኛል።

ከአሻንጉሊቶቹ እኩል መጠቀስ ያለበት ዴሪክ ሜዲንግስ ነው። ማሽኖቹን፣ ሕንፃዎቹን፣ ፍንዳታዎቹን በትናንሽ ሞዴል የሚሠራው ክፍል በእሱ እጅ ነበር። የሞዴል ጠላት መሬት ስበት ነው። ከ25 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ግድግዳ መሬት ለመድረስ ከሁለት ሰከንድ ትንሽ በላይ ይፈጅበታል። ያው ግድግዳ በሞዴል አንድ ሜትር ቢሆን ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ወድቋል፤ ዓይናችንም ወዲያው ትንሽ ዕቃ መሆኑን ያውቃል። መፍትሔው ካሜራውን ማፍጠን ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይታያል፤ የሜዲንግስ ካሜራ በሰከንድ እስከ 120 ምስል ያነሳ ነበር። በ120 የተነሳው በ24 ሲታይ አምስት እጥፍ ይዘገያል። ሃያ አምስት እጥፍ ያነሰ ሞዴል ደግሞ የሚወድቅበት ጊዜ በትክክል አምስት እጥፍ ያጠረ ነው። አንድ ሜትሩ ግድግዳ እንደ ሕንፃ በከባዱ ይደረመሳል። ውሃና እሳት ግን ለዚህ ስሌት ሙሉ በሙሉ አይታዘዙም፤ የውሃ ጠብታ በሞዴል ዓለምም ያው የውሃ ጠብታ ነው። የባሕሩን ትዕይንት አስተውላችሁ ብታዩ እዚያ ጋ ዓይናችሁ ይጠራጠራል።

ሌላው የሜዲንግስ ግኝት ቆሻሻ ነው። ከእሱ በፊት በፊልም ይታዩ የነበሩ የጠፈር መርከቦች በአብዛኛው አዲስና አንጸባራቂ ነበሩ። እሱ ጥላሸት፣ የዘይት ነጠብጣብ፣ የተፋቀ ቀለም ጨመረባቸው፤ ሱቅ ከሚሸጡ የፕላስቲክ ሞዴሎች የተቆራረጡ ቁርጥራጮችን በላያቸው ለጥፎ ቧንቧና መሣሪያ አስመሰላቸው። የሠራ ማሽን የሥራ ጠባሳ አለው። አውሮፕላን ሲያኮበኩብም ሞዴሉን ከማሮጥ ይልቅ መሬቱን በተሽከርካሪ ሸራ ከሥሩ ያሮጠዋል፣ ሰማዩንም እንዲሁ ከኋላ። ሜዲንግስ በኋላ ወደ ጄምስ ቦንድ ፊልሞች ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ሱፐርማን ላይ ለሠራው ሥራም ከባልደረቦቹ ጋር የኦስካር ልዩ ሽልማት አገኘ።

ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የሚታየው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ፋየርፍላሽ የተባለ በአቶሚክ ኃይል የሚበር የመንገደኞች አውሮፕላን ከለንደን ወደ ቶኪዮ ሲነሳ ጎማው ውስጥ ቦምብ ተቀብሮበታል፤ በጎማው ካረፈ ይፈነዳል፤ አየር ላይ ከቆየ ደግሞ የአቶሚኩ ጨረር መከላከያ ጊዜው ያልቅና መንገደኞቹ ይመረዛሉ። ቨርጂል አውሮፕላኑን ያለ ጎማ በጀርባቸው የሚቀበሉ ሦስት ተሽከርካሪዎችን በማኮብኮቢያው ላይ ይነዳል። በቀረጻው ላይ የአንዱ ተሽከርካሪ ሽቦ ተበጥሶ ከመንገድ ወጣ፤ ምስሉ ስለማረካቸው ያንን ብልሽት በታሪኩ ውስጥ አስገቡት፤ ተጠባባቂ ተሽከርካሪም ጠሩለት። የገንዘቡ ባለቤት ሉ ግሬድ ይህን ክፍል ካየ በኋላ ይህ የሲኒማ ፊልም እንጂ የቴሌቪዥን ዝግጅት አይደለም ብሎ 25 ደቂቃ የነበረውን እያንዳንዱን ክፍል ወደ 50 ደቂቃ እንዲያስረዝሙ አዘዘ፤ ገንዘብም ጨመረ። ቀድመው የተሠሩትን ክፍሎች እንደገና ከፍቶ ማስረዘም ለሠራተኞቹ ከባድ ጣጣ ነበር፤ ለፊልሙ ግን ጠቀመው። ሰዎቹ ለመነጋገር፣ ለመጨነቅ፣ ለመጠበቅ ጊዜ አገኙ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1965 ለተመልካች ቀረበ። ቀረጻው ባለቀለም ነው፤ የእንግሊዝ ተመልካች ግን ያን ጊዜ ያየው በጥቁርና ነጭ ነበር።

የዘመኑ ሌሎች የጀብዱ ፊልሞች ጀግና ጠላት የሚገድል ነው። እዚህ ድል የሚባለው የተያዘው ሰው ከጉድጓዱ፣ ከእሳቱ፣ ከሰመጠው መርከብ ወጥቶ መተንፈሱ ነው። አደጋዎቹም በአብዛኛው ከሰው ትዕቢት የመጡ ናቸው፤ ሳይፈተሽ ሥራ የጀመረ ግዙፍ ማሽን፣ ደን እየበላ የሚሄድና ማስቆሚያው የጠፋ ተሽከርካሪ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በሐዲድ ላይ ሲጎተት የሚፈርስ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ። ቴክኖሎጂን የሚወድ ፊልም ሆኖ ሳለ ቴክኖሎጂ ሲሳሳት የሚደርሰውን በየሳምንቱ ማሳየቱ ክብር ይገባዋል።

የማይገባውንም መናገር ያስፈልጋል። በደሴቲቱ ላይ የምትኖረው ወጣት መሐንዲስ ቲን ቲን አብዛኛውን ጊዜ ቡና አቅራቢ ናት። ዋናው ክፉ ሰው ሁድ በማሌዥያ ጫካ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚኖር እስያዊ ነው፤ ከእሱ ሌላ ጎልቶ የሚታየው እስያዊ ወንድ ደግሞ የትሬሲ ቤት አገልጋይ ኪራኖ ነው። ይህ የዚያ ዘመን እንግሊዝ ዓይን ነው፤ ዛሬ ለልጆች ሲታይ ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም። በአንጻሩ ሌዲ ፔነሎፒ አለች፤ በባለስድስት ጎማ ሮዝ ሮልስ ሮይስ የምትጓዝ፣ ከሾፌሯ ከፓርከር ጋር የለንደኑን የስለላ ሥራ የምትመራ እመቤት። ድምፁን የሰጠችው ሲልቪያ አንደርሰን ራሷ ናት። በትሬሲ ወንዶች መካከል አእምሮውና ፈገግታው አንድ ላይ የሚሠራለት ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ሲልቪያ ብዙ ዓመት በባሏ ስም ጥላ ሥር መቅረቷም አግባብ አልነበረም።

ፊልሙ 32 ክፍሎች ብቻ ተሠርተው ቆመ። ግሬድ ለአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ሊሸጠው አልቻለምና በሁለተኛው ዙር ስድስት ክፍል ላይ አቋረጠው። እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1968 የወጡት ሁለት የሲኒማ ፊልሞችም ተመልካች አላገኙም። በ2004 ደግሞ ሌሎች ሰዎች በእውነተኛ ተዋንያን ሠሩት፤ እግር ያላቸው፣ የሚሮጡ፣ የሚዘሉ። ከሸፈ። ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታሪኩን ስለ ልጆች ጀብዱ አደረጉት፣ የአዳኝነትን ዝግጅት ጣሉት።

የአንደርሰን ጥያቄ ግን ከፊልሙ ውጭ መልስ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በቺሊ ሳን ሆሴ ማዕድን ማውጫ 33 ሰዎች ከ600 ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ ተቀብረው ከ69 ቀን በኋላ ሁሉም በሕይወት ሲወጡ፣ የወጡበት ካፕሱል የዳልቡሹ ቱቦ የልጅ ልጅ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በ1988 አርሜንያን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከየአገሩ የሄዱ አዳኞች ሳይቀናጁ ምን ያህል እንደሚቸገሩ ስላሳየ፣ በ1991 በተባበሩት መንግሥታት ሥር ዓለም አቀፍ የፍለጋና ነፍስ አድን አማካሪ ቡድን ተቋቁሟል። የየአገሩ የአዳኝ ቡድኖች የሚመዘኑት አደጋ ከመድረሱ በፊት ነው፤ መሣሪያቸው፣ ሐኪማቸው፣ የሠለጠነ ውሻቸው ሳይቀር ይፈተሻል። አንደርሰን ይህን ሥራ ለአንድ ባለጸጋ ቤተሰብና ለምስጢራዊ ደሴት ሰጥቶት ነበር። የመንግሥታት በጀትና የሕዝብ ግብር ያለበት ቦታ ላይ መሆኑ ይሻላል።